ጋሼ ሳንጃ እና የቆዳው ሰገባ

ዛሬ ልንሸኛቸው የተሰበሰብንላቸው አባታችን ከባቡር ጥገና ሠራተኛው አባታቸውና ከልብስ ሰፊዋ እናታቸው በ1950 ዓ.ም. ተወለዱ። ለወላጆቻቸው ሦስተኛ ልጅ ሲሆኑ፣ ያደጉት ከሐዲዱ አጠገብ በሚገኝ፣ ባቡር ባለፈ ቁጥር ሰሃኑ ሁሉ በሚንጫጫበት ባለ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ነበር። ትምህርታቸውን በሰፈራቸው እስከ ስምንተኛ ክፍል ከተከታተሉ በኋላ ሙያ ትምህርት ቤት ገብተው በቶርኖ ሥራ ሠለጠኑ። በ1969 ዓ.ም. በአውቶቡስ ጥገና ጋራዥ ተቀጥረው፣ በ2010 ዓ.ም. ጡረታ እስከወጡበት ቀን ድረስ በዚያው በአንድ ማሽን ፊት ቆመው ሠርተዋል። ሌላ ሰው ማሽናቸውን ከነካባቸው ከድምፁ ያውቁ ነበር ይባላል።

ብዙዎቻችሁ የምታውቋቸው «ጋሼ ሳንጃ» በሚለው ስም ነው። ነገሩ የተጀመረው በጋራዡ ነበር። ሊቀልጥ ከመጣ ቁርጥራጭ ብረት መሐል አንድ የጠቆረ የጠመንጃ ሳንጃ አገኙ። ወጣት ነበሩና፣ ስለት መሳያው ማሽን ላይ አውጥተው እንደ መስታወት እስኪያበራ ድረስ ፈተጉት። ከዚያም ደረታቸውን ነፍተው ለዕቃ ቤት ኃላፊው አሳዩ። ኃላፊው የቀድሞ ወታደር ነበሩ። ሳንጃውን አገላብጠው አዩና፣ «ይሄ ምስኪን ምን በድሎህ ነው?» አሏቸው። «የተሠራበት ዓመት፣ የሠራው ፋብሪካ፣ የታጠቀው ጦር ቁጥር፣ ሁሉም እዚህ ሥሩ ላይ ተመትቶ ነበር። ፍቀህ ጣልክለት። አገሩንም ስሙንም የማያውቅ አደረግኸው።»

አባታችን ያን ቀን ምሳ አልበላ አላቸው። ከዚያ ወዲህ በእጃቸው የገባ ሳንጃ ሁሉ ከለስላሳ ጨርቅና ከቀጭን ዘይት በቀር የቀመሰው ነገር የለም። «ቀዩ ዝገት በሽታ ነው፣ ይነሣ። ጥቁሩ ግን የብረቱ ቆዳ ነው፣ አትንኩት» ይሉ ነበር። ያንን ያበላሹትን የመጀመሪያ ሳንጃም አልጣሉትም። በቁም ሳጥናቸው ውስጥ ከሁሉ ፊት አስቀምጠው፣ ለማየት ለሚመጣ ሰው አስቀድመው የሚያሳዩት እሱን ነበር።

ሳንጃ የሚለዩት በዓይን ብቻ አልነበረም። የጠመንጃው አፈሙዝ የሚገባበትን ቀለበት ስፋት በጣታቸው ይለካሉ፤ የእጀታውን እንጨት ያሸታሉ፤ ብሎኑ ተነቅሎ ያውቅ እንደሆነ በጥፍራቸው ይዳስሳሉ። አንድ ጎረቤታችን በውድ የገዙትን «የጥንት» ጩቤ ሊያስመርቁ ይዘውላቸው መጡ። አባታችን ወደ መስኮቱ ጠጋ ብለው ሲመለከቱት ቆዩና፣ «ወንድሜ፣ ይሄ ዝገት ገና ጡት አልጣለም» አሏቸው። ጎረቤታችን እስከ ዛሬ ይህን ሲያስታውሱ ይስቃሉ፤ የዚያን ዕለት ግን አልሳቁም።

በ1975 ዓ.ም. በስልክ ማዞሪያ ይሠሩ ከነበሩት፣ ከውድ እናታችን ጋር ትዳር መሥርተው ሦስት ልጆችን አፍርተዋል። እናታችን ብረቱን የተቀበሉት ቅድመ ሁኔታ አስቀምጠው ነው። ሳንጃዎቹ አይሳሉም፣ ቁም ሳጥኑ ይቆለፋል፣ ቁልፉም የሚያድረው በእሳቸው ቦርሳ ነው። ስለዚህ አባታችን ከሥራ ሲመለሱ በር ላይ ቆመው፣ «እመቤት፣ እስረኞቼን ልጠይቅ?» ይላሉ። እናታችንም ደስ ካላቸው ቁልፉን ይሰጧቸዋል፣ ካልሆነም፣ «የጥየቃ ሰዓት አልደረሰም፤ መጀመሪያ እጅህን ታጠብ» ይሏቸው ነበር።

ስለ አባታችን ሕይወት ሲነገር ሰዓት ሠሪውን መዝለል አይቻልም። ሱቃቸው ከቤታችን ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ ነው። ሁለቱ ሳንጃ ሰብሳቢዎች ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ አሮጌ ዕቃ ገበያ አብረው ይወርዱ ነበር። በ1986 ዓ.ም. በአንዱ ቅዳሜ አባታችን በገበያው አንድ ጫፍ ሰገባ የሌለው ሳንጃ ገዙ፤ ሰዓት ሠሪው ደግሞ በሌላው ጫፍ ሳንጃ የሌለው የቆዳ ሰገባ ገዙ። ሻይ ቤት ቁጭ ብለው ግዢያቸውን ሲያሳዩ፣ በሳንጃው ላይ የተመታውና በሰገባው አፍ ብረት ላይ የተመታው ቁጥር አንድ ሆኖ ተገኘ። ሳንጃና የገዛ ሰገባው ተለያይተው ሲኖሩ እንዲህ መገናኘታቸው ለሰብሳቢ ሕልም ነው። ደስታው ግን ሻዩ እስኪቀዘቅዝ እንኳ አልቆየም። «ሰገባው ያለ ሳንጃ ምን ያደርግልሃል?» አሉ አባታችን። «ሳንጃውስ ራቁቱን ምን ያደርግልሃል?» አሉ ሰዓት ሠሪው። በየራሳቸው መንገድ ወደ ቤታቸው ገቡ።

ኩርፊያው ከአሥር ዓመት በላይ ቆየ። የአባታችን የእጅ ሰዓት በመሐሉ ቆመ። ወደ ሌላ ሰዓት ሠሪ መውሰድን ግን እንደ ክህደት ስለቆጠሩት፣ የቆመ ሰዓት አስረው ሥራ ይመላለሱ ነበር። ሚስቶቹ አልተኳረፉም። ስለ ሁለቱ ባሎች ወሬ መንገዱን የሚሻገረው በእነሱ በኩል ነበር።

አንድ ቀን ምሳ ላይ እናታችን፣ «የጓደኛህ ሰገባ ተሰነጠቀ አሉ፤ ስፌቱም እየተተረተረ ነው» አሏቸው።

«የት ነው የሚያስቀምጠው?»

«ከሥራ መብራቱ በላይ ሰቅሎት።»

አባታችን ማንኪያቸውን አስቀመጡ። «ሙቀት ላይ? ቆዳ መሆኑን አጥቶት ነው?»

«አላጣውም። ቀና ባለ ቁጥር ሊያየው ፈልጎ ነው። ያንተንስ በቀን ስንቴ ነው የምታየው?»

አባታችን ቁልፉን ጠየቁ። እናታችን የጥየቃ ሰዓት እንዳልደረሰ ነገሯቸው። «ዛሬ ልጠይቅ አይደለም፣ አንዱን ልፈታው ነው» አሉ።

ሳንጃውን በጨርቅ ጠቅልለው በጠራራ ፀሐይ መንገዱን ተሻገሩ፤ በሰዓት ሠሪው ጠረጴዛ ላይም አኖሩት። «ሳንጃውን አንተ ውሰደው» አሉ። «ሰገባውን ግን ከዚያ መብራት አውርድልኝ፤ እየሞተ ነው።» ሰዓት ሠሪው ማጉያቸውን ዓይናቸው ላይ አድርገው ቁጥሩን ደግመው ደጋግመው አነበቡ። ከዚያ ማጉያቸውን ሳያወልቁ እጃቸውን ዘርግተው፣ «ሰዓትህን አምጣ፤ ከዚህ ሆኜ እንኳ መቆሙን አያለሁ» አሉ።

ቆዳው ቀስ በቀስ፣ ሳይቸኮል ታከመ፤ ስፌቱም ተጠገነ። ሳንጃው ወደ ሰገባው ሲገባ ሁለቱም ትንፋሻቸውን ውጠው ያዳምጡ ነበር። ገጠመ። ወዲያው መልሰው አወጡት፤ በቆዳ ውስጥ የሚያድር ብረት በዝገት እንደሚበላ ሁለቱም ያውቃሉና። ሳንጃና ሰገባው ከዚያ ወዲህ በሰዓት ሠሪው ሱቅ በመስታወት ሥር ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። እናታችን ሄደው አይተው፣ «ይህን ሁሉ ዓመት የተኳረፋችሁት ጎን ለጎን ልታስተኟቸው ነው?» ብለው በሳቅ ፈነዱ። በ2012 ዓ.ም. የከተማው ሙዚየም አባታችን ካሰባሰቧቸው ብዙዎቹን ለሕዝብ ሲያሳይ ያን ሳንጃም ጠይቋቸው ነበር። «እሱ የኔ አይደለም፤ ባለቤቱ ማዶ አለ» ብለው የሙዚየሙን ሰዎች በኩራት ወደ ሰዓት ሠሪው ላኳቸው።

አባታችን ባደረባቸው የሳንባ ሕመም በቤትና በሆስፒታል ሲታከሙ ቆይተው፣ ጥር 9 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ67 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። በመጨረሻው ሳምንት ቀድመን ያዘጋጀነው የዚህ ጽሑፍ ረቂቅ እንዲነበብላቸው ጠይቀው ነበር። እስከ መጨረሻው አዳምጠው ያረሙት አንድ ቦታ ብቻ ነው። ሰዓት ሠሪውን «የቅርብ ጓደኛ» ብለን ጽፈን ነበር። «ከወንድሞቼ ጋር ጻፉት» አሉን። «ጓደኛ ብቻ ቢሆን ኖሮ ያን ያህል ዓመት አላኮርፈውም ነበር።»

ባሉት መሠረት፣ አባታችን ውድ ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውን፣ አምስት የልጅ ልጆቻቸውን፣ አንዲት እህታቸውንና ሁለት ወንድሞቻቸውን ትተው አልፈዋል። ከወንድሞቻቸው አንደኛው ከመንገዱ ማዶ ያሉት ሰዓት ሠሪው ናቸው። ፈጣሪ የአባታችንን ነፍስ በደጋጎች አጠገብ ያኑርልን፤ ለእናታችንና ለወንድሞቻቸው መጽናናትን ይላክልን።