ወንድ በቅሎም አይወልድም

ሰኞ፣ ኅዳር 2000 ዓ.ም.፣ ሶዶ

በቅሎ ብላታለች! ታናሽ እህቴን መሠረትን፣ አማቷ፣ ገሱባ ገበያ መሐል፣ ሰው እየሰማ። መሠረት ጳውሎስን ካገባች ወዲህ አልጸነሰችም፤ ጥፋቷ ይኸው ነው። ዛሬ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ የቃሪያ ዳጣ ይዛልኝ መጣች። ምሳ በልተን ስናበቃ ነው የነገረችኝ። ሴትዮዋ ለልጇ ሌላ ሚስት እያፈላለገች ነው። እሑድ ሽማግሌዎች ይቀመጣሉ።

ጳውሎስስ ምን አለ? ዝም አለ አለችኝ። ዝም!

ማክሰኞ

ክፍል ውስጥ የፕላዝማው ቴሌቪዥን ሚዮሲስን፣ የዘር ሴል ክፍፍልን፣ እያጣደፈው ሳለ መብራት ሄደ። ደስ አለኝ። በጠመኔ አስተማርኩ። ሴሉ ራሱ ዲኤንኤውን በየቦታው ይቆርጣል፤ ከዚያ ጥንዱን ክሮሞዞም እያየ ይጠግነዋል፤ ሲጠግን ከእናት የመጣው ከአባት ከመጣው ጋር ይለዋወጣል። አንድ እናትና አባት የወለዷቸው ልጆች የሚለያዩት አንድም በዚህ ነው። ከኋላ ያለች ልጅ፣ የተቆረጠው ባይጠገንስ አለች። ሴሉ ይሞታል፣ ዘር አይሆንም አልኳት።

በቅሎን አነሳሁ። የፈረስና የአህያ ክሮሞዞሞች ልዩነታቸው ስለበዛ በደንብ አይጣመሩም፤ ቁርጡም ሳይጠገን ይቀራል።

“ወንድ በቅሎም አይወልድም” አልኩ። ከሚገባው በላይ ጮኬ ነበር መሰለኝ።

ረቡዕ

መሠረትን ሆስፒታል ወሰድኳት። ደህና ናት። ዶክተሩ መጀመሪያ የጠየቀው ባሏ ተመርምሮ እንደሆነ ነው። ይህን ሁሉ ጊዜ ጸሎቱ፣ ቅጠሉ፣ ሆድ መታሸቱ በእሷ ላይ ብቻ! እሱን አንድ ቀን እንኳ ተመርመር ያለው የለም። ደወልኩለት። ቡና ለቀማ ላይ ነኝ አለ። ካልመጣህ እሑድ ሽማግሌዎቹ ፊት አልመረመርም ማለትህን እናገራለሁ አልኩት።

ዓርብ

መጣ። ባርኔጣውን ዓይኑ ድረስ ደፍቶ የሆስፒታሉ አግዳሚ ላይ ተቀመጠ። ውጤቱ፦ ዘር የሚባል የለም። ቱቦው ተዘግቶ ይሆናል፣ ወይም ሴሎቹ ክፍፍሉን ሳይጨርሱ መንገድ ላይ ይቀራሉ አለ ዶክተሩ። የትኛው እንደሆነ ለማወቅ አዲስ አበባ መሄድ አለበት።

በሩ ላይ ጳውሎስ አንገቱን ደፍቶ፣ “ቲቸር፣ ለእናቴ እንዳትነግሪያት” አለኝ።

እኔ አፌን ሳልከፍት መሠረት፣ አትነግርም አለችው። ተቃጠልኩ። መናኸሪያ ስሸኛት ተጣላን።

“እሱንም ገበያ ላይ እንዲያዋርዱት ነው የምትፈልጊው?” አለችኝ።

ትኬቷን ቆርጬ ሰጠኋት። ንዴቴ ግን አልበረደም።

እሑድ

ገሱባ ሄድኩ። አማቷ ብዙ ተናገረች። ዋናው ሽማግሌ መሠረትን፣ የምትዪው አለሽ ወይ ሲሏት እጆቿን አየች። ልነሳ ስል ጳውሎስ ቀደመኝ። በወላይትኛ ነው የተናገረው።

“ችግሩ የተገኘው እኔ ላይ ነው። እሷን ተዉአት።”

እናቱ፣ ሐኪሙ ተሳስቶ ነው አለች። ቀጥላ አለቀሰች። ሽማግሌዎቹ የሌላ ሚስቱን ነገር ትተው ጸልየው ተነሱ። መሠረትን ይቅርታ ያላት የለም። አንድም ሰው!

ቡናው ሲሸጥ አዲስ አበባ ይሄዳሉ። ይድን እንደሆነ አላውቅም። መሠረት መኪና ድረስ ልትሸኘኝ ስትወጣ አማቷ ከኋላ መጥታ ራቅ ብላ ቆመች። ሸኝተሽ ስትመለሺ ምሳ እንብላ፣ እጠብቅሻለሁ አለቻት። ይቅርታ ነው ልል አልችልም። መሠረት ግን እሺ አለች።