ከዲስኩ ያንተ ድርሻ

ኅዳር 14 ቀን

ይድረስ ለባለቤቴ፤

ለጤናህ እንደምን ሰነበትህ? እኔና እህትህ ደኅና ነን። የሆነውን በቅደም ተከተል እጽፍልሃለሁ።

መስከረም 20፦ ሄድህ። ላፕቶፑን ከነሁለቱ ስርዓተ ክወናዎች (ኦፕሬቲንግ ሲስተሞች)፣ ከእኔውና ካንተው ጋር፣ ተውህልኝ።
ጥቅምት 25፦ በእኔ በኩል ዲስኩ ሞላ፤ የጉድጓዶቹ የውኃ ጥናት ስሌት መሐል ላይ ቆመ።
ጥቅምት 27 እና ኅዳር 5፦ ያንተን ላጥፋው ወይ ብዬ ጻፍሁልህ። መልስ አልመጣም።
ኅዳር 12፦ አጠፋሁት።

ጥናቱ ነገ ለመሥሪያ ቤቱ መግባት አለበት፤ የስሌቱ ፕሮግራም ደግሞ ከዚህ ማሽን በቀር ሌላ ላይ አይከፈትም። ማሽኑ ሲበራ የማንን ልክፈት ብሎ ይጠይቅ ነበር፤ ቶሎ ካልመለሱለት ያንተን ይከፍት ነበር። እንዲያ አድርገህ ያደራጀኸው አንተ ነህ። ከሄድህ ወዲህ በየጠዋቱ በቀስቷ ቁልፍ ወደ ራሴ ስሻገር ከረምሁ።

ላጠፋው ስል እህትህ አጠገቤ ነበረች።

«እስቲ አንዴ ደውይለት።»

«ሁለት ጊዜ ጽፌለታለሁ።»

«አንቺ እኮ ማስጠንቀቂያ እንጂ ደብዳቤ አትጽፊም። እኔም ብሆን አልመልስልሽም።»

አጠፋሁት፤ ማሽኑንም እንደገና አስነሣሁት። ስክሪኑ ጠቆረ፤ አንዲት ነጭ ሰረዝ ብቻ ብልጭ ድርግም ትላለች። ሁለታችንንም የሚያስነሣው ትንሽ ፕሮግራም ባንተ በኩል ተቀምጦ ኖሯል። ይህን አስቀድሜ ማጣራት ነበረብኝ።

«ወንድሜ የቤቱን ቁልፍ ይዞ ሄዷል በይኛ» አለች እህትህ።

አልሳቅሁም። ለክፉ ቀን ያዘጋጀሁትን ፍላሽ ሰክቼ የራሴን ማስነሻ ፕሮግራም ጫንሁበት። አልተነሣም። ደገምሁት፤ ተከፈተ። የተለቀቀውን ቦታ ከእኔው ጋር አዋሐድሁ። ይህን ስጽፍልህ ስሌቱ እየሄደ ነው፤ ለነገ ይደርሳል።

ፋይሎችህን ያኖርህበት የተቆለፈው የዲስኩ ክፍል ግን ለብቻው አለ፤ የይለፍ ቃል ይጠይቃል።

«እኔ ልንገርሽ» አለች እህትህ፤ «ወንድሜ ለማስታወስ ሰነፍ ነው። የሠርጋችሁን ቀን ጻፊበት።»

ጣቶቼ ቁልፎቹ ላይ ነበሩ፤ አነሣኋቸው። ቢከፈት ምን እንደምሆን አላውቅም። ባይከፈትም እንደዚያው።

በሄድህበት ሰላም አይለይህ፤ ያሰብኸው ይሙላልህ። ብርዱ ሲጠና ደረትህን ሸፍን።

ያገኘሁት ቦታ ይበቃኛል። ያንን ክፍል አልሰረዝሁትም። ቀኑንም አልሞከርሁም።

ባለቤትህ