ለብዙነሽ፣ ስለዚያ ሳሙና

ብዙዬ፣ ይህን ደብዳቤ የሚጽፈው እጅ የበርናባስ ነው። አዎ፣ ያ በርናባስ! የጣሊያን አስተርጓሚ የነበረው፣ ከአጥራችን ወዲያ ያለው ጎረቤታችን። ቃሉ የእኔ ነው፣ ብዕሩ የእሱ። እንዳትደነግጪ ብዬ አስቀድሜ ነገርኩሽ። ልጃችን ፀሐይ ፊደል ልታስተምር ገጠር ዘምታለች። እኔ ደግሞ እንደምታውቂኝ ጠመንጃ እንጂ ብዕር ይዤ አላውቅም፤ አላፍርበትምም።

ከተለየሽን ወዲህ ልደታ ሁለቴ ነገሠች። ቤታችን አለ። ከጓሮ ያሉትን ሁለቱን ክፍሎች ግን ቀበሌ ወስዷቸዋል። ራስጌሽ ላይ ይንጠባጠብ የነበረውን ጣሪያ አስጠግኜዋለሁ። አሁን ዝናብ ሲመጣ ቤቱ ዝም ይላል፤ አንቺ የምትደቅኚው የጣሳ ድምፅ ናፈቀኝ። ነጠላሽ እንደተሰቀለ ነው። ፀሐይ አጣጥፋ ሳጥን ውስጥ ልትከተው ስትል ተቆጣኋት።

ሰፈሩ ግን የምታውቂው ሰፈር አይደለም። ከጌጃ ሰፈር እስከ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ሰው ሁሉ በጊዜ በሩን ይዘጋል። ጎረቤት ጎረቤቱን ይፈራል። አንቺ ብትኖሪ አንዱን በክንዱ ጎትተሽ ሌላው ደጅ ታቆሚው ነበር። አሁን የሚጎትት የለም።

ከፋሲካ በፊት የቀበሌ ሰዎች መጡና «አባባ ደምሴ፣ እርስዎ የሰፈራችን አርበኛ ነዎት። ጣሊያንን እንዴት እንደተዋጉ ለስብሰባው ይንገሩልን» አሉኝ። ደስ አለኝ፣ ምን እዋሽሻለሁ! ካፖርቴን ለበስኩ። በሎሚ ትወለውዪልኝ የነበረውን ሜዳሊያ ደረቴ ላይ ሰካሁ።

እነሱ የጠበቁት ተኩስ ነበር። እኔ ግን የነገርኳቸው ስለ ቆሎ ነው። «ብዙነሽ የምትባል ሚስት ነበረችኝ፤ የጣሊያን ወታደር ልብስ አጣቢ ነበረች» ስል አንዳንዱ አፉን ሸፍኖ ሳቀ። «ቆይ አትሳቅ!» አልኩት። ወታደሮቹ ልብሳቸውን ሳይደርቅ አምጪ ካሉሽ ዘመቻ ሊወጡ ነው። አንቺ ወዲያው ቆሎ ቆልተሽ ትልኪያለሽ። ገብስ ብቻ ከሆነ «ተኙ» ነው፤ ሽምብራ ካለበት «ተነሡ» ነው። እሱን ቆሎ መናገሻ ጫካ ድረስ የሚያመጣልን ታናሽ ወንድሜ ካሳ ነበር። አንድ ቀን መንገድ ላይ ርቦት ሽምብራ ሽምብራውን ለቅሞ በልቶ፣ ገብሱን ብቻ ይዞልን እንደመጣ ስነግራቸው አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እኛ ግን ያን ቀን ተኝተን ጠላት እላያችን ላይ ደረሰብን፤ እግራችን ነው ያወጣን። በኋላ ስትሰሚ «አንተ ሆዳም፣ አገር እኮ ነው የቆረጠምከው!» ብለሽ ጆሮውን ጠመዘዝሽው። እሱ ደግሞ እየሳቀ ነበር። ካሳ መቼ ሳይስቅ ቀርቶ ያውቃል።

ከዚያ የካሳን መያዝ ነገርኳቸው። ቆሎ ይዞ እንደተያዘ፣ ጣሊያኑ ሹም እንደጠየቀው፣ በርናባስ፣ እዚያ ስሙን ባልጠራም፣ እንዳስተረጎመ፣ ማግስቱን ካሳ እንደተሰቀለ። ቀጥሎ አንቺን እንዳቀረቡሽ። አንቺም ለሹሙ «ልብስህን አጥቤልሃለሁ፤ ነውርህን ግን ውሃ አያስለቅቀውም» እንዳልሽው። በርናባስ በጣሊያንኛ የሆነ ነገር ተናገረ፣ ሹሙ ሳቀ፣ አንቺንም ሳሙና አስይዘው ለቀቁሽ። ሳሙና! ለምን እንደሰጡሽ እስክትሞቺ አላወቅሽም። በርናባስን በጠየቅሽው ቁጥር አንገቱን ደፍቶ ይሄድ ነበር። ያም ሆኖ «ያወጣኝ እሱ ነው» ትይኝ ነበር። እኔ ደግሞ «ያወጣሽ መልክሽ ነው» እልሽ ነበር። በግንቦት ልደታ ንፍሮ ስትሰጪው ጀርባዬን አዞር ነበር። አገር ሻጭ እለው ነበር። ይህንንም ጻፍ ብዬዋለሁ፤ እየጻፈ ነው።

ሊቀመንበሩ ተነሣ። «አባባ፣ ያ ባንዳ ዛሬም በመካከላችን አለ ይባላል። ያመልክቱን» አለ። በርናባስ ከኋላ አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀምጧል። ዘመኑ አንቺ የማታውቂው ዘመን ነው፤ የተጠቆመ ሰው አይመለስም። ከጣሊያን መውጣት ጀምሮ የተመኘሁት ቀን ነበር። ጣቴ ተነሣ ብዙዬ፤ እውነቱን ልንገርሽ፣ ተነሣ።

ያን ጊዜ አንቺ መጣሽብኝ። ጣሊያን የወጣ ሰሞን ጎረምሶች በርናባስን በድንጋይ ሊፈጁት ሲመጡ በሩ ላይ ቆመሽ ያልሽው። «ጣሊያን ሰው በጣት እያስጠቆመ ሲሰቅል አይተናል። እሱን ያስወጣነው ጣቱን ልንወርስ አይደለም» ብለሻቸው ነበር። ያን ቀን ተናድጄብሽ ራት አልበላሁም። በዚያ አዳራሽ ግን ጣቴን አጠፍኩት።

«ይህ ጉዳይ ተፈርዷል» አልኩት። «የፈረደችው ሚስቴ ናት። ይግባኝ የሚል ካለ ልደታ ቤተ ክርስቲያን ሄዶ መቃብሯን ይጠይቅ።» ኮፍያዬን አድርጌ ወጣሁ። ሊቀመንበሩ ፊቱ ተለዋወጠ፤ ግን አርበኛው ያላመለከተውን ማን ያመልክት? ነገሩ በዚያው ቀረ።

ግንቦት ልደታ ደረሰ። ሴቶቹ ልክ አንቺ እንደምታደርጊው ደጃችን ላይ ንፍሮ ቀቀሉ። የቀበሌ ጥበቃው መጥቶ «ያለ ፈቃድ መሰብሰብ ክልክል ነው» ቢላቸው፣ «ይሄ ምኑ ስብሰባ ነው፣ ንፍሮ ነው! ይልቅ እጅህን ታጠብና ዝገን» አሉት። ታጥቦ ዘገነ።

እኛ ስንበላ በርናባስ መጣ። ይቅርታ ለማኝ እንደሚያደርገው ድንጋይ አንገቱ ላይ ተሸክሞ፣ ጎንበስ ብሎ። ድንጋዩን ሳየው ያንቺ መጅ ነው! ሚስቱ ተውሳሽ ሳትመልስ የቀረችው መጅ! ሰውዬው ይቅርታ ሊለምነኝ የመጣው በእኛው ድንጋይ ነው። ሳቄን ዋጥኩት።

«ከነድንጋይህ ቁም» አልኩት። «መጀመሪያ ንገረኝ። ካሳ ምን አለ? አንተስ ምን አልክ?»

«ካሳ 'ስንቁ የአርበኛ ነው፤ ብትለቁኝም ነገ እወስዳለሁ' አለ» አለኝ። «እኔም እንዳለ ተረጎምኩት። ልጅ ነበርኩ፣ ፈርቼ ነበር። ሌላ ቃል መናገር እንደሚቻል እንኳ አልመጣልኝም። የገባኝ ተሰቅሎ ሳየው ነው።»

«የብዙነሽንስ?»

«እትዬ ብዙነሽ ሹሙን ሲሰድቡት፣ እኔ 'ጌታዬ፣ የሚሰጡኝ ሳሙና መጥፎ ነው፣ እድፍ አያስለቅቅም ትላለች' አልኩት።»

ብዙዬ! ሳሙናው ይኸው! አንቺ ነውሩን ስትነግሪው ሹሙ ስለ ሳሙና የምታማርሪ መስሎት ሳሙና ሰጠሽ! ሳቅ ጀመርኩ፣ ከዚያ ሳቁ ወደ ሌላ ነገር ዞረብኝ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ያን ሰዓት አጠገቤ ኖረሽ ብትሰሚው፣ ያለኝን ሁሉ በሰጠሁ ነበር።

ይቅር አልኩት ብዬ አልዋሽሽም። የካሳ ነገር ዛሬም ያቃጥለኛል። ግን ድንጋዩን ከአንገቱ ላይ በእጄ አወረድኩለት። ከንፍሮውም ዘግኜ ሰጠሁት፤ ሽምብራ ሽምብራውን። መጁም ቤቱ ገብቷል።

ፀሐይ እስክትመለስ ጠብቄ ማስጻፍ እችል ነበር። ግን የዚህን ሰው እጅ ማየት ፈለግሁ። የካሳን ቃል እንዳለ አድርሶ ገደለው፣ ያንቺን አዙሮ አዳነሽ። የእኔን ምን ያደርገው ይሆን?

አንቺን አልረሳም። በሕይወት እስካለሁ ግንቦት ልደታ ደጃችን ላይ ንፍሮ ይቀቀላል፤ ለሚፈራራውም ለሚኳረፈውም በአንድ ቁና ይቀርባል። ሜዳሊያውን ደግሞ ነጠላሽ ላይ ሰክቼዋለሁ። ድሮም ያንቺ ነበር፤ እኔ ተሸክሜልሽ ነው።

በል በርናባስ፣ አሁን ከላይ ጀምረህ አንብብልኝ። የካሳን ስም እንዳትዘል። አንተን የሰደብኩበትንም አታሳምረው። እንዳልኩት አድርገህ አንብበው፤ ዛሬ በቃሉ የሚሰቀል ሰው የለም።