ያልነካሃት እጄ

አዱኛዬ፣

እንዴት ሰነበትህ እንዳልልህ፣ አፈር የለበሰ ምን ይመልሳል። ከበራችን ከሄድህ ሁለት ክረምት አለፈ፤ መርዶህ ከግንባር ከመጣ ወዲህ ደግሞ ሰሊጡ አንዴ ታጨደ። እስከ ዛሬ ያልጻፍሁልህ ተቆጥቼብህ ነው። ለሙት አይቆጡም ይሉኛል፤ እኔ ግን ተቆጥቼ ከረምሁ።

የቤቱን ልንገርህ። በጓሮ በኩል ጣራው ያፈሳል። ወንድሜ ሙሉ አብደራፊ ሄዶ ትራክተር ይነዳል፤ ሚስትም አግብቷል። ያች ከሱዳን፣ ከገዳሪፍ የመጣች የጃፓኖቹ የትግል ቪዲዮ ካሴት ደግሞ ተመልሳ መተማ ገብታለች። ምስሏ የሚንቀጠቀጠው አሮጌዋ፣ ሁለት ለሁለት የሚታገሉባት። አንዱ ሲታገል ጓደኛው ከገመዱ ውጭ ቆሞ እጁን ይዘረጋል፤ የደከመው ያችን እጅ ከነካ ይቀያየራሉ።

ከመሄድህ በፊት በነበረው እሁድ ከሰዓት ስናያት ቪዲዮ ቤቱን የሞላው ሰው ያንተን ፍርድ ይጠብቅ ነበር፤ ትግል አዋቂው አንተ አይደለህ? ባለቀይ ቁምጣውን አጭር ሰውዬ ሁለቱ እየተፈራረቁ ደቆሱት። እየዳኸ ጓደኛው ዘንድ ደረሰ። እጁን ለመንካት ስንዝር ሲቀረው አያትና ፊቱን አዞረ። እኔ ብድግ ብዬ፣ ምን ዓይነት ድርቅና ነው፣ ትዕቢቱ ይድፋው ብዬ ጮህሁ። አንተ ሳቅህብኝ። አላየሽም፣ ደግመሽ ስታይው እነግርሻለሁ አልኸኝ። ክርክር ማሳደር ትወድ ነበር፣ አንተ ነገረኛ።

ሳትነግረኝ ማክሰኞ ወንዱን ለጦር የሚለቅመው አፈሳ መጣ። ሙሉን መጋዘን ውስጥ ከሰሊጥ ጆንያዎቹ ኋላ ደበቅሁት። የመጋዘኑን በር ገርበብ አድርጌ አንተን ጠበቅሁ። በግድግዳው ማዕዘን ብቅ አልህ። እጄን ዘረጋሁልህ። ሁለት እርምጃ ነበር የቀረህ፤ ሁለት! እጄን አየሃት፣ ዓይኔን አየኸኝ፣ ከዚያ ፊትህን አዙረህ በሽንፋ መንገድ ሮጥህ። የአፋሾቹ ኮቴና ጩኸት ተከትሎህ አለፈ፤ ማታ ይዘው በመኪና ጫኑህ ሲሉ ሰማሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ነገር ብቻ ጠየቅሁህ፤ ምነው እጄን ናቅሃት?

ትናንት ባለ ቪዲዮ ቤቱ፣ ዛሬ የአዱኛን ፍርድ አንች ስጭ ብሎ ከፊት አስቀመጠኝ። አጭሩ ሲድህ በዚህ ጊዜ ጓደኛውን አየሁት። ጉልበቱ በፋሻ ተጠቅልሏል፤ መቆም አቅቶት ገመዱን ይዟል። ከአጭሩ ኋላ ሁለቱ ያችን ጉልበት እያዩ ይመጣሉ። ቢነካው ኖሮ ያን ልጅ ይጨርሱት ነበር። ስለዚህ ዞሮ ብቻውን ገጠማቸው። ተሸነፈም።

ወይኔ አዱኛዬ! ያን ቀን እኔ ካንተ ሌላ የታየኝ ሰው አልነበረም፤ ኋላህ ስንት ሰው እንዳለ የምታውቀው አንተ ነበርህ። እጄን ብትይዝ በሩን ታሳያቸው ነበር፤ በሩ ደግሞ ሙሉን ያሳያቸው ነበር። ሁለት እርምጃ እየቀረህ ይህን ሁሉ አሰብህ። እኔ ግን የባሌን ጀርባ ብቻ አየሁ።

ሰዉ ፍርዴን ሲጠብቅ፣ ያን ቀን ተሳስቼ ነበር ብዬ ተነስቼ ወጣሁ። አንዱም አልገባውም። ሙሉ ለፋሲካ ሲመጣ ካሴቷ ፊት አስቀምጬ ሁሉንም እነግረዋለሁ፤ ማን እንዳተረፈው ይወቅ።

ቁጣዬን ጨርሻለሁ። የመጋዘኑን በር በከፈትሁ ቁጥር ወደዚያ ማዕዘን እጄን እዘረጋለሁ። አትነካትም፤ ይግባኝ የለኝም።