የእቴቴ ዝናሽ እንስራ

ጥር 14 ቀን 1993 ዓ.ም.፣ መካነ ሰላም

የአያ ይመር ሚስት ዛሬ ጠዋት ሞተች፤ መቃብር የሚቆፍርለት ሰው ግን አላገኘም። በየሰው ቀብር እየቀረ ስላስቸገረ ቅሬው፣ የመንደሩ እድር፣ አባሮታል። ለተባረረ ሰው እሳትም ውሃም አይሰጥም፤ የሰጠም አብሮ ይባረራል። ደንቡን ያወጣው ራሱ ነው፣ የቅሬው ዳኛ ሳለ።

አያቴን እቴቴ ዝናሽን ያባረራትም በዚሁ ደንብ ነበር። አራስ ቤት ገንፎ ይዛ፣ ለቅሶ ቤት ውሃ ተሸክማ ከሁሉ ቀድማ የምትደርስ ሴት፣ ለአንዲት የተባረረች መበለት አንድ እንስራ ውሃ አደረሰች ተብላ። ስትሞት እኔና ሦስት ዘመዶቿ ብቻ ተሸክመን ቀበርናት። እሱ ደጁ ላይ ቆሞ ያየን ነበር፤ ከንፈሩን እንኳ አልመጠጠም። እንደምበቀለው ያን ቀን ማልኩ።

በስተርጅና ፊደል ቆጥሬ የቅሬው ጸሐፊ የሆንኩት ለዚሁ ይመስለኛል። ባለፈው ወር ስሙን ከመዝገቡ ስሰርዝ እስክሪብቶው ወረቀቱን ቀደደው። አልጠገብኩም።

ዛሬ የእቴቴን እንስራ ሞልቼ ቤቱ ገባሁ። በጣሳ ቀድቼ ሰጠሁት።

«ይጠጡ፣ አያ ይመር። እቴቴ ዝናሽ ናት የላከችልዎ።»

እንስራውን አወቀው። ቆሜ እያየሁት ጠጣ።

«እታለም፣ አፉ በይኝ፣ ይቅር በይኝ» አለኝ።

«ለእሷ ሲሆን ደንብ፣ ለእርስዎ ሲሆን አፉ? ይድገሙ!» አልኩና ጣሳውን ሞላሁለት።

አፉ አላልኩትም። ቤቴ ገብቼ መዝገቡን ዘረጋሁና የራሴንም ስም ሰረዝኩ፤ ውሃ ሰጥቻለሁና። ነገ ለቅሬው ቆሜ አነብላቸዋለሁ። እኔን ማን እንደሚቀብረኝ እንጃ። ያ ውሃ ግን እስኪሞት ከጉሮሮው አይወርድለትም።