ሁለት ጊዜ የገባው ጌሾ

ጎንደር፣ ኅዳር ፲፫ ቀን ፲፱፻፵፬ ዓ.ም.

ትናንት የሚካኤል ማኅበር ተራው የእኛ ነበር። ጠላውን የጠመቀችው እናቴ ናት፤ ሠርግ የደገሰ ሁሉ ደጅ የሚጠናት እናቴ።

ባለፈው ሳምንት ጌሾውን ስትጨምር አይቻለሁ። በማግስቱ ከማስተምርበት ስመለስ የተረፈው ጌሾ ከቁናው ውስጥ የለም። «እማ፣ ደግመሽ ጨመርሽበት እንዴ?» ብላት፣ «ጠላ አጠማመቅ ልታስተምሪኝ ነው?» ብላ ተቆጣች። ዝም አልኩ። ምነው ዝም ባላልኩ ኖሮ!

ትናንት ለእንግዶቹ ከመቅዳቷ በፊት እንደ ወጉ በመዳፏ አድርጋ ቀመሰችና «ሸጋ ወጥቶልኛል» አለች። እኔ ብቀምሰው እሬት ነው። ማኅበርተኞቹ እርስ በርስ ተያዩ። ሽማግሌው አያ ታከለ ግን ዋንጫውን ጨለጡና «እመት ዘነቡ፣ እጅዎን ቁርጥማት አይንካው፤ ይድገሙኝ» አሏት። ሌሎቹም እሳቸውን አይተው ጠጡ። ስለ ምሬቱ አንድም ሰው አልተነፈሰም። እናቴ ፊቷ በርቶ ስትቀዳ ዋለች። እኔ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ።

ዛሬ ጠዋት ባዶውን ጋን አብረን ስናጥብ ቀና ብላ አየችኝ።

«ልጄ፣ የሚካኤል ማኅበር ተራችን ደረሰብን እኮ። ጌሾ ግዥልኝ እንጂ።»

«እሺ፣ እማ» አልኳት። ቁናውን ይዤ ወጣሁ።