ከባሕር የራቅሁበት ዓመት

ሰኔ 3
የባሕር ጠላቂዎችን ሲሊንደር በአየር ስሞላ ዋልኩ። አሥራ አራት። ብርድ ነው። ጠላቂዎቹ እየተንቀጠቀጡ መጥተው ባዶውን ያስቀምጣሉ፣ ሙሉውን አንስተው ይሄዳሉ። ሰላምታውም ከሩቅ።
ጥቁር ከለበስኩ አምስት ወሬ። ሰባት ይቀረኛል። ባሏ የሞተባት ሴት ዓመት እስኪሞላት ባሕር አትገባም፣ ጮክ ብላ አታወራም፣ ታክሲ ውስጥም ከኋላ ነው። ትናንት ከምባዝዋና ከተማ ስመለስ ሦስት ሰዎች ከፊት ተጣበው ተቀመጡ እንጂ እኔ አጠገብ የመጣ የለም።

ሰኔ 6
ኮራል የምታጠናው ኮጊላ ከደርባን ደወለች። ሰኞ ትመጣለች። በየዓመቱ በዚህ ወር ወርደን ያንኑ አንድ ቦታ ፎቶ እናነሳለን፤ ኮራሉ ምን ያህል እንደጨመረ፣ ምን ያህል እንደሞተ። ዘጠኝ ዓመት አንድም አልዘለልንም። እሷና እኔ ከታች፣ ባሌ ቤኪ ጀልባው ላይ።
"ማንጉባኔ፣ ያለ አንቺ ምስማሮቹን አላገኛቸውም" አለችኝ።
እውነቷን ነው። የቦታው ምልክት ድንጋዩ ላይ የተመታ ስድስት ምስማር ነው፤ ለስላሳው ኮራል ሸፍኗቸዋል። ዳብሼ ነው የማገኛቸው። እንደማልችል ነገርኳት።
"እሺ፣ ለሌላ ሰው አሳዪዋ።"
ዳበሳ እንዴት ነው የሚያሳዩት?

ሰኔ 7
አልችልም አልኩ እንጂ... መግባት እፈልጋለሁ። እዚያ ታች ማንም አያወራም። ያልተናገረኝ ሰው ሸሽቶኝ አይደለም።

ሰኔ 9
ሙዚን ጠየቅኩት። የቤኪን ጀልባ አሁን የሚነዳው እሱ ነው። መሬት መሬቱን እያየ፣
"እህቴ፣ ያንን ጥቁር ጭኜ ማዕበል እንዴት ልስበር? ጥቁር ክፉ ይጠራል፤ ልጆች አሉኝ።"
"አውልቄው ብመጣስ?"
"ዓመት ሳይሞላ? ኀዘኑን የት ልትጥይው?"
 ወደ ሲሊንደሮቼ ተመለስኩ።

ሰኔ 11
ለአማቴ፣ ለቤኪ እናት፣ ነገርኳቸው። ከቀብሩ ወዲህ ወሬያችን "ውኃ ቀዳሽ?" "ቀዳሁ" ብቻ ነው። ይቆጣሉ ብዬ ነበር። የዱባ ቅጠል እየቀነጠሱ፣
"ምንድን ነው እሱ ኮራል የምትሉት?" አሉ።
ነፍስ ያለው ነገር ነው አልኳቸው። ሙቅ ባሕር ይወዳል፤ የኛ ግን ብርዱ ጠርዝ ላይ ነው የሚኖረው። ሌላ አገር ደሴት ያህል ይገነባል ይላሉ። የኛው አሮጌ ድንጋይ ላይ ሳሳ ብሎ የበቀለ ነው... አንድ ክፉ ዓመት ሊገፈው ይችላል።
"ታዲያ በየዓመቱ ምኑን ነው የምታዩት?"
"መኖሩን።"
ቅጠሉን አስቀመጡ። 

ሰኔ 13
አማቴ የመንደሩ ሽማግሌዎች ጋ ውለው መጡ። ለምን እንደሄዱ አላወቅኩም ነበር።
"ኀዘን መሬት አይጣልም" አሉኝ። "ሰው ከያዘው ግን አልተጣለም። ሽማግሌዎቹም ተስማምተዋል፤ ከባሕር እስክትወጪ ጥቁሩን እኔ እለብሰዋለሁ።"
"እማማ፣ እርስዎ እኮ የእናት ኀዘንዎን ጨርሰዋል።"
"ማን ነገረሽ መጨረሴን?"

ሰኔ 14
ገባሁ።
ሙዚ አማቴን በኔ ጥቁር ልብስ አሸዋው ላይ ተቀምጠው ሲያይ ሞተሩን አስነሳ። የውኃው ብርድ አጥንት ድረስ ይሰማል። አምስቱን ምስማር አገኘሁ። ስድስተኛውን ኮራሉ ውጦታል። አንዱ ጥግ ነጥቷል፣ ሞቷል። መሃሉ ላይ ግን የጥፍር ያህል አዳዲሶች... ኮጊላ በጣቷ ቆጠረችልኝ። ዘጠኝ።
ስወጣ ልብሱን ልቀበል እጄን ዘረጋሁ።
"ቆይ። ተቀመጪ" አሉኝ፣ አጠገባቸው ያለውን አሸዋ እየመቱ። "ብርድ ነው እታች?"
"በጣም።"
"ቤኪም ልጅ ሆኖ ከንፈሩ እስኪጠቁር ከባሕር አይወጣልኝም ነበር።"
ከተቀበረ ወዲህ ስሙን ሲጠሩ ገና መጀመሪያቸው ነው።
እኔም አወራሁ። ታች ሳለን ሰዓቱን እያየ ጀልባዋን ሲያዞር ይቆይ እንደነበር፣ ብቅ ስል "ዘገየሽ" ብሎ ይቆጣኝ እንደነበር።
"የአባቱ ቁጣ ነው" ብለው ሳቁ፤ ከዚያ አለቀሱ። እኔም። ድምፄን ዝቅ ማድረግ ረስቼ ኖሯል፤ ጀልባ የሚጎትቱት ሰዎች ሁሉ ዞረው አዩን። አማቴ ዝም በይ አላሉኝም።